የባለ ላባው ድምፅ

ኤልሳዕ ባዳቾ በሕይወቱ የራሱን ነገር በአደባባይ ተናግሮ አያውቅም ቢባል፣ ከሶዶ ሰው ግማሹ «ውሸት!» ማለቱ አይቀርም። የሶዶ ሰው የኤልሳዕን ድምፅ ያልሰማበት ቦታ የለማ! በቤተ ክርስቲያን ሰምቶታል፣ በስታዲየም ሰምቶታል፣ በፍርድ ቤት ሰምቶታል፣ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ሊያስተምር ባለሙያ በመጣ ቁጥር ሰምቶታል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ኤልሳዕ አስተርጓሚ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲናገር የኖረው የሰው ነገር ነው።

እንጀራው ሌላ ነው። በዞኑ ግብርና መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ማስተርጎሙ እንጀራ ሳይሆን ጸጋ ነው፤ የሚሠራውም አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ሁለተኛው፣ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ይላል እንጂ «እሳቸው እንዲህ አሉ» ብሎ ነገር የለም።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ጣጣ ያመጣበት ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ዲምቱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰባኪ፣ «እኔ በወጣትነቴ መርካቶ ውስጥ ኪስ አውላቂ ነበርኩ» ብሎ አለቀሰ። ኤልሳዕም በወላይትኛ መርካቶ ውስጥ ኪስ አውላቂ እንደነበረ ተናግሮ፣ ከሰባኪው ብሶ አለቀሰ። ጉባኤው ሲያልቅ አንዲት አሮጊት ሰባኪውን አልፈው ወደ እሱ መጡና እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ጸለዩለት እንጂ አላመኑትም፤ ከዚያ ወዲህ ዲምቱ በሄደ ቁጥር አጠገቡ ሲደርሱ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

የሚስቅ ይሳቅ። ግን የገሱባዋን ሴትዮ ነገር የሰማ አይስቅም። እዚያ ፍርድ ቤት አንዲት ሴት ባሏን ከሳ ቀረበች፤ አማርኛ አትችልም፤ ዳኛው ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ወላይትኛ የማያውቁ። ኤልሳዕ ያንን የሚያህል ጺሙን ይዞ አጠገቧ ቆመና፣ «ባሌ በመጫኛ መታኝ። ሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ» አለ። መጀመሪያ ከኋላ የሆነ ሰው ሳቅ ሊል ከጀለው። ወዲያው ግን አዳራሹ ፀጥ አለ። ከዚያ ጢማም ሰው አፍ የሴትዮዋ ሥቃይ እንዳለ ወጣ፤ ከሥቃይዋ አንዲት ቃል አልጎደለችም፣ አንዲት ቃል አልተጨመረችባትም። ሰው ማለት ይህ ነው። የሌላውን ሕመም በራሱ አፍ ይዞ ሳይደፋ የሚያደርስ።

እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ ለገዛ ሚስቱ አንድ ቃል ማድረስ አቅቶት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረ።

ሚስቱ አልጋነሽ የበዴሳ ልጅ ናት፤ ሶዶ ገበያ ውስጥ ቅቤ ትሸጣለች። በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫፍ ነካ አድርጋ ካሸተተች፣ ቅቤው የየትኛው ቀበሌ ሣር እንደሆነ ትነግራችኋለች። ድምፅዋ ከቅቤ ተራ ተነስቶ እህል ተራ ይሰማል። ያገቡት በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሄደ፣ ሽማግሌ ለመነ፣ ሽማግሌ «ልጃችን ልጃችሁን ይወዳል» አለ፤ ኤልሳዕ ከሽማግሌዎቹ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴት ልጃቸውን ትህትናን ወለዱ፣ አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ዳሩ። ሲጠራሩም «የትህትና አባት»፣ «የትህትና እናት» ነው። ፍቅር አልነበረም ያለ ይዋሻል። የነበረውን ፍቅር የተናገሩት ግን ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ እነሱም ከሞቱ ቆዩ።

ነገሩን ነገር ያደረገው እንቅርቱ ነው። ኤልሳዕ አንገቱ ላይ ከወጣትነቱ ጀምሮ ትንሽ እብጠት ነበረችው። ባለፈው ዓመት አደገች። ድምፁ መሻከር ጀመረ፤ ሲተኛ ትንፋሹ ያፏጫል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር መክብብ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ትሑት ልጅ፣ ምርመራውን አይቶ እውነቱን ነገረው።

«ጋሽ ኤልሳዕ፣ ብንተወው ትንፋሽዎን ይዘጋዋል። ስለዚህ መውጣት አለበት። ግን ከድምፅዎ ነርቭ ጋር ተጣብቋል። የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ድምፅዎ እንዳለ ይመለሳል ብዬ ቃል ልገባልዎ ግን አልችልም።»

ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማክሰኞ ተያዘ። ማታ ለአልጋነሽ ሲነግራት ቆጮ እየቆረሰች ነበር። አላለቀሰችም።

«ድምፅህ ቢሄድ አንተ ትቀርልኛለህ» አለችው። «አንተ ብትሄድ ድምፅህ ምን ያደርግልኛል?»

ኤልሳዕ ይህን ሰምቶ የሚመልሰው ቃል ፈለገ። በወላይትኛ ሦስት ቃል ናት፦ ታኒ ኔና ሲቃይስ። እወድሻለሁ ማለት ነው። በየሠርጉ ተርጉሟታል፣ በየስብከቱ ተርጉሟታል። አሁን ግን ጉሮሮው ላይ ደርሳ ተመለሰች። የሰው ቃል ማድረስ እንጂ ለሰው ቃል መመለስ አልለመደበትም። «ቆጮው ጥሩ ነው» አላት። በልቡ ግን ማለ፤ ከዚያ ማክሰኞ በፊት፣ ድምፅ ሳለው፣ ይነግራታል።

ዓመለወርቅ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ዓመለወርቅ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምር፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ኤልሳዕን ስታዲየም ውስጥ ሲያስተረጉም አይታው ነበር፤ ሰባኪው ሲዘል ሲዘል፣ ሰባኪው ሲንበረከክ ሲንበረከክ። መዝገብ ክፍል ድረስ መጥታ በፋይሎቹ መሐል ቆመች።

«ጋሽ ኤልሳዕ፣ ለከተማው ሕዝብ አንድ ፊልም ላሳይ ነው። መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ድምፅ የለውም። በመሐል በመሐል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ጽሑፉም እኔ የማላውቀው ቋንቋ ነው። እርስዎ ቆመው ይንገሩልን።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ሴት በማማለል ስሙ ስለ ገነነ አንድ ሰው። ጎራዴ አለ፣ ፈረስ አለ፣ በመስኮት መዝለል አለ።»

«ሰውዬው ምን ይላል?»

ዓመለወርቅ ሳቀች። «ምንም አይልም። የሚለውን የሚሉለት እርስዎ ነዎት።»

ኤልሳዕ ቀኑን ጠየቀ። ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ከማክሰኞው በፊት ያለችው ቅዳሜ። እሺ አለ። እዚያ ለመለማመድ አስቦ ነው፤ ሴት ማማለል ሥራው የሆነ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ያቺን ቃል ካወጣት፣ ቤት ሄዶ መድገም ይቀላል ብሎ።

ወሬው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኤርካሎ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ኤርካሎ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነገር ያከርራል። ቤት ድረስ መጣ።

«ወንድም ኤልሳዕ፣ ቃለ እግዚአብሔር በምታደርስበት አፍ ሴሰኛ ልታናግርበት ነው?»

«ወንድም ኤርካሎ፣ በዚህ አፍ ሌባም ነፍሰ ገዳይም ተናግረውበታል። ፍርድ ቤት ሳስተረጉም አላወገዝከኝም።»

ኤርካሎ ለመሄድ ተነሳ። «እንግዲያው መጥቼ አያለሁ። ነገሩ ከከፋ አስቆመዋለሁ» አለና፣ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

አዳራሹ ሞላ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሁሉ መጣ። አልጋነሽ ከቅቤ ተራ ጓደኞቿ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። መብራት ጠፋ፤ መጋረጃው ነጣ። ኮፍያው ላይ ረጅም ላባ የሰካ፣ ካባ የደረበ፣ ጢሙ እንደ ክር የቀጠነ ሰውዬ በገመድ ግንብ እየወጣ መጣ። አንዲት ሴት መስኮት ከፈተች። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ፤ አፉን ከፈተ።

ኤልሳዕ ማይኩን ይዞ ቆሟል። ዝም።

የሰውዬው አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ኤልሳዕ ዝም። ነገሩ ምን ነበር መሰላችሁ? እየጠበቀ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ መጠበቅ የለመደ ሰው፣ መቶ ዓመት ድምፁ ያልተሰማን ሰውዬ እስኪጨርስ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል። ሰውዬው ጨረሰ፤ የሴትዮዋን እጅ ሳመ፤ ጎራዴ የመዘዘ ባል ገባ፤ ሰውዬው በመስኮት ዘለለ። ኤልሳዕ እንደ ቆመ ነው። ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከቅቤ ተራ ተነስቶ እህል ተራ የሚሰማው ድምፅ መጣ።

«የትህትና አባት! እሱ እኮ አይናገርም! አንተ ተናገር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ኤልሳዕም ሳቀ። ዓመለወርቅ ፊልሙን ከመጀመሪያው አስነሳችው። ሰውዬው እንደገና ግንቡን ወጣ፤ እንደገና ኮፍያውን አወለቀ። በዚህ ጊዜ ድምፅ አገኘ።

«እመቤቴ፣ ከገሱባ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት» አለ ባለ ላባው በኤልሳዕ አፍ። «መንገዱ ጭቃ፣ ጫማዬ ቀዳዳ። የዳሞታ ተራራ እንኳ ብርዱን ፈርቶ ጉም ተከናንቧል። አንቺን ሳይ ግን ሞቀኝ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው! ባለ ላባው ባልየውን ሸሽቶ ሁለተኛ ሴት ጋር ሲደርስ፣ ቃል በቃል «እመቤቴ፣ ከገሱባ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት» ብሎ ሲጀምር፣ አዳራሹ በአንድ አፍ «ይህን ለዚያችኛዋም ብለሃታል!» ብሎ ጮኸበት። ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። ባለ ላባው አፈረ፤ አዲስ ቃል ፈለገ።

«ውይ እመቤቴ፣ አንቺማ የመስከረም ቅቤ ነሽ። ለምለም ሣር የበላች ላም ያስገኘችው፣ ውሃ ያልነካው፣ ሩቅ የሚያውድ።»

«ያ የእኔ ነው!» አለች አልጋነሽ ከኋላ፤ «ቅቤ የምሸጥበትን ቃል ነው ለእሷ የሰጣት!» የቅቤ ተራ ሴቶች ተንከተከቱ።

ጎራዴ የመዘዙ አምስት ሰዎች በደረጃ ሲያሳድዱት፣ ኤልሳዕ አምስቱንም ሆነ፤ አንዱ እንደ ጸሐፊ፣ አንዱ እንደ ፖሊስ፣ አንዱ እንደ ኤርካሎ ይናገር ነበር። ኤርካሎ ራሱን ሲሰማ መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ቆይቶ ግን መሐረቡን አውጥቶ እንባውን ጠረገ። የሳቅ ነው። የሻከረው የኤልሳዕ ድምፅ እየተሰነጠቀም ቢሆን አላቋረጠም። ያን ቀን የሰማው ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ የሶዶ ሰው እንዲህ ተደስቶ አያውቅም።

ሦስተኛዋ ሴት የወህኒ ጠባቂ ልጅ ናት። ባለ ላባው ሲያባብላት አልሳቀችለትም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ባለ ላባው ታሰረ፤ አመለጠ፤ ከግንብ ላይ ገለባ የጫነ ጋሪ ላይ ዘለለ፤ ፈረስ ላይ ወጣ። ነጻ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው። እሱ ግን ፈረሱን አዞረና ወደ ልጅቱ ተመለሰ። ላባ ያለው ኮፍያ የለም፤ ካባው ተቀዷል። እፊቷ ተንበረከከ። ፊቱ መጋረጃውን ሞላው፤ አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ለረጅም ጊዜ።

ይቺ ናት፣ አለ ኤልሳዕ በልቡ። ሦስት ቃል። ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ከኋላ በጨለማው ውስጥ አልጋነሽ እንዳለች ያውቃል፤ እየሰማችው ነው። አፉን ከፈተ።

ምንም አልወጣም። ባለ ላባው መቶ ዓመት የተንበረከከበት ቃል ሳይሰማለት ተነሳ፤ ልጅቱን ፈረስ ላይ አፈናጠጣት፤ ሄዱ። መብራት በራ። ሕዝቡ ሆን ብሎ ያደረገው መስሎት ይበልጥ አጨበጨበ። «እዚያ ጋ ዝም ማለትዎ እንዴት ግሩም ነው!» አለች ዓመለወርቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ኤልሳዕ አንገቱን ደፋ።

አልጋነሽን ግን ማን ያታልላታል? ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ያዘችው።

«ለዋሻቸው ሴቶች ሁሉ ማር አዘነብክ። እውነት ለሚነግራት ስትደርስ ዝም።»

«ምን ልበል? ሰውዬው የሚለውን አላውቅም።»

«እሱ ቢጠፋህ፣ አንተ የለህም?» አለችው። የተናገረችው በቀስታ ነው፤ ቅቤ ተራ በማይሰማ ድምፅ። ኤልሳዕን ከሳቁበት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ይቺ ጥያቄ አሳፈረችው።

እሑድ ቤታቸው እንግዳ በእንግዳ ሆነ። ሰኞ ሆስፒታል ተኛ። ማክሰኞ ጠዋት ነርሷ ተሽከርካሪውን አልጋ እየገፋች በኮሪደሩ ስትወስደው፣ አልጋነሽ እጁን ይዛ በጎን ትራመድ ነበር። በሩ ታየው። ሃያ እርምጃ፣ አሥር እርምጃ። አሁን ካልተናገረ መቼ? እጇን ጨበጥ አደረገ፤ ጎንበስ አለችለት።

«ጊደራችንን ውሃ አጠጪያት» አላት።

«እሺ» አለች። በሩ ተዘጋ።

ዶክተር መክብብ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። ፊቱ ደክሟል። እንቅርቱ ወጥቷል፤ ትንፋሹ ሰላም ነው። ነርቩን ለማዳን ያልሞከረው ነገር የለም፤ ሆኖም ተጎድቷል። ድምፁ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ኤልሳዕ ሲነቃ ለመናገር ሞከረ፤ የወጣው ጆሮን አፉ ላይ ካላስጠጉ የማይሰማ ሹክሹክታ ነበር። ሁሉን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ፤ የዶክተሩን እጅ ይዞ ሳመ። ብቻውን ሲሆን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ያለቀሰው ለስታዲየሙ አይደለም። ለሦስቱ ቃል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ድምፅ ነበረው፤ የመጨረሻ ቃሉን ለጊደር ሰጠው።

ከአንድ ወር በኋላ፣ እሑድ፣ ለምስጋና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሰው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጠብቀው ነበር። ከሕመም የዳነ ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ መመስከሩ የቆየ ልማድ ነው፤ በሹክሹክታ ግን እንዴት ይሆናል? ኤርካሎ ማይኩን ይዞ ቀረበ።

«ወንድም ኤልሳዕ፣ አንተ በጆሮዬ ንገረኝ፤ እኔ ለጉባኤው አሰማልሃለሁ።»

ኤልሳዕ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ጣቱን ወደ ሴቶቹ ረድፍ፣ ወደ አልጋነሽ ቀሰረ። አልጋነሽ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን አየች፤ ሌላ ሰው የጠራ መስሏት። ጓደኞቿ ገፋፍተው አስነሷት። ቅቤ ተራ ላይ ማንንም የማትፈራ ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ቀስ ብላ መድረኩ ላይ ወጣች።

ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ሰማች። ማይኩን ያዘች።

«እኔ» አለች፤ ቆም ብላ ባሏን አየችው፤ ሕጉ ትዝ አላት፤ ቀጠለች። «እኔ ኤልሳዕ ባዳቾ፣ ጌታ ትንፋሼን ስለመለሰልኝ አመሰግናለሁ።»

ሳቅ ተነሳ፤ ወዲያውም በረደ። ይህ ገሱባ ፍርድ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ነበር፤ ተገልብጦ።

«እኔ ለዶክተር መክብብ ዕድሜ ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ ለጸለያችሁልኝ ሁሉ ብድራችሁን ጌታ ይክፈላችሁ እላለሁ። እኔ ድምፄ በመሄዱ ማንንም አልቀየምም።» ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። «እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ሚስቴ አልጋነሽ አንድ ቀን ከአጠገቤ አልተለየችም።» እዚህ ላይ ራሷም ሳቀች።

ኤልሳዕ እንደገና ጎንበስ አለ። ይህኛው አጭር ነበር። ሦስት ቃል ብቻ።

አልጋነሽ ቀና አለች። ማይኩ አፏ አጠገብ ነው፤ አፏ አይከፈትም። ጉባኤው ጠበቀ። አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ አባበለችው። ነገር የሚያከርረው ኤርካሎ ከፊት ወንበር ተነሳ።

«እኅት አልጋነሽ፣ ምን አለ? በትርጉም አይጨመርም፣ አይቀነስም። ሕጉ የእሱ የራሱ ነው።»

አልጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ይህኛው የእኔ ነው» አለች። «አይተረጎምም።»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኤርካሎ ተቀመጠ። አልጋነሽ ማይኩን ሳታጠፋ ረስታው፣ ጆሮዋን መልሳ ወደ ኤልሳዕ አፍ አስጠጋች፤ የተናገረችውንም ቤቱ በሙሉ ሰማው።

«በደንብ አልሰማሁም» አለችው። «ድገመው።»